ለጄኔራሉ የሚሆን ጓል

ሙሀባ ልጆቹን ለአራተኛ ጊዜ አሰለፈቻቸው፤ ለአራተኛ ጊዜም ተበተኑ። አንዷ ከቁርቁራው ሥር የወደቀ ፍሬ ልትለቅም፣ ሌላው ትናንት ከጭቃ የሠራው ግመል አንገቱ ቆሞ ማደሩን ሊያይ ሄደ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ፍጡር መስመር ይዞ እንዲቆም የሚያዝ ሰው መቼም ልጅ አሳድጎ አያውቅም። ያዘዘው ደግሞ የሸዋ ሮቢቱ ካፒቴን ነበር።

ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ጥቅምቱ ነው። ካፒቴኑ ፈቃድ የሌለው ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲዘጋ፣ ልጆቹም ከእናቶቻቸው ጋር ለአዲሱ መንገድ ጠጠር እንዲለቅሙ አዟል። ፈቃድ የሚገኘው ልጆቹ የጣሊያንን መዝሙር ሳይሳሳቱ ከዘመሩ ብቻ ነው። ዛሬ ሊሰማቸው ይመጣል።

ሙሀባ ትምህርት ቤት አለኝ ብላ አታውቅም። ያላት አንድ ቁርቁራ፣ ከሮቢ ወንዝ የሚመጣ ጭቃ፣ አንድ ድቤና አርባ ልጅ ነው። ፊደሉን ከጭቃ ይሠሩታል፣ ቁጥሩን በድቤ ይጨፍሩታል፤ ማሽላ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ደግሞ መሬት ላይ ተኮራምተው ዘር ይሆኑና ቀስ እያሉ ይነሳሉ። «እነ ሙሀባ ዛሬስ ምን አቦኩ?» እያለ መንደሩ ይስቅባት ነበር። የአምስት ዓመቷ ሰይዳ የአባቷን ስም በከሰል ግድግዳው ላይ የጻፈች ዕለት ሳቁ ቆመ። አባቷ ያን ግድግዳ እስከ ዛሬ አላስመረገውም።

ያስቸገራት መዝሙሩ ነው። ቃሉን ማንም አያውቀውም፤ አስተርጓሚው ተፈራ እንኳ ግማሹን ይዘለዋል። ሳምንት ሙሉ ብትለፋ አልያዝ አላቸው። በመጨረሻ ግሪሳ ሲያባርሩ በሚያዜሙት ዜማ ላይ ጫነችው። የቆላ ልጅ ማሽላው ሲያሸት ከእናቱ ጋር ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲያባርር ነው የሚውለው፤ ዜማውን በእንቅልፉም አይስተውም። «ሁሽ!» በሚሉበት ቦታ «ቪቫ!» አስገባችላቸው። በአንድ ቀን ተያዘ። ሙሀባ በብልሃቷ ኮርታ አደረች።

ካፒቴኑ ረፋዱ ላይ በበቅሎ መጥቶ ከልጆቹ ፊት ወረደ፤ ሁለት ወታደሮች ከኋላው፣ ተፈራ ከጎኑ ነበሩ። ክፉ ሰው አይመስልም። ያየውን የአገር ልማድ ሁሉ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ሲያኩ አይቶ ሁለት ገጽ መጻፉን ተፈራ አውርቷል።

«እትዬ ሙሀባ፣ አደራ» አለ ተፈራ ጠጋ ብሎ። «ከተሳሳቱ እኔም ጠጠር ለቃሚ ነኝ።»

«አንድ ቃል አይስቱም፣ ኢንሻአላህ።»

እውነትም አልሳቱም። ድቤውን መታች፤ አርባ ጉሮሮ ተከፈተ። ካፒቴኑ መጀመሪያ ዜማው ግራ አጋባው፤ የገዛ አገሩን ቃል ሲለይ ግን ፈገግ አለ። ሙሀባ ልቧ ሞላ። በሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰይዳ ጎንበስ አለች። ቀጥሎ ሁሉም ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አፈር አነሱ።

ሙሀባ ያኔ ገባት። ልጆቹ ይህን ዜማ በእጃቸው ጭምር ነው የሚያውቁት፤ የሚያልቀው ደግሞ ጓል ወርውረው ነው። አፍ ብቻውን አይማርም ስትል የኖረችው ራሷ ናት። ልታስቆማቸው እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

ማማው ላይ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ «ወርውሩ» ማለት ነው።

«ቪቫ!» አሉ አርባዎቹ።

የመጀመሪያው ጓል ባርኔጣውን ጣለ። ሁለተኛው ሆዱ ላይ ፈረሰ። ሦስተኛው ደብተሩን ከእጁ አስጣለው። የቀረው በቅሎዋን አገኛትና ወደ ካራቆሬ ስትፈረጥጥ ታየች።

ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ሙሀባ ልጆቹን ከኋላዋ ሰበሰበች፤ አርባ ልጅ ከአንዲት ቀጭን ሴት ጀርባ አይሸሸግም፣ ቢሆንም ሰበሰበቻቸው። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገና በጣሊያንኛ ረዥም ነገር ተናገረ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ካፒቴኑ አዳመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ደብተሩን አነሳ፣ አፈሩን አራገፈና ጻፈ። ገጹን ገልጦ ደግሞ ጻፈ።

«ምን አልከው?» አለች ሙሀባ በሹክሹክታ።

«የይፋት ሰው መሬቱን የሚያቀምሰው ለትልቅ እንግዳ ብቻ ነው አልኩት።»

ካፒቴኑ ፈቃዱን አውጥቶ ማኅተም መታበት። ቀጥሎ ለተፈራ አንድ ነገር ነገረው፤ የተፈራ ፊት አመድ መሰለ።

«ሐሙስ ጀውሃ ላይ ጄኔራል ይመጣል» አለ ተፈራ። «ልጆቹ ተሰልፈው ይቀበሉት ይላል። በመዝሙሩም፣ በአፈሩም። ጄኔራሉ በማዕረግ ከእኔ ስለሚበልጥ የእሱ ጓል ተለቅ ይበል ብሏል።»

ካፒቴኑ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ በእግሩ ሄደ። ሙሀባ ፈቃዱን እንደያዘች ቁርቁራው ሥር ቁጭ አለች። ሳቅም እንባም እኩል መጡባት። ከማዶ፣ በአዲሱ መንገድ ላይ፣ የጠጠር ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች ጎብጠው ያልፋሉ፤ የሰይዳ እናት ከመሃላቸው ነበረች።

ሰይዳ ሁለት እጇ የማይበቃው ጭቃ ታቅፋ መጣች።

«እትዬ፣ ለትልቁ ሰውዬ እርጥቡን ነው የምንይዘው ደረቁን?»

ሙሀባ መንገዱን ደግማ አየች። ጭቃውን ከልጅቷ ተቀበለች፣ በመዳፏ አድበለበለችው፣ ክብደቱንም ሞከረችው።

«ፀሐይ ላይ አስጪው» አለቻት።