ጫማው ሲያርፍ

የአሮጊቷ የልጅ ልጅ የሩጫ ጫማዋን እንደ አራስ ነበር የምትንከባከበው። ከልምምድ ስትመለስ ክሩን ትፈታለች፣ ውስጡን በጋዜጣ ትጠቀጥቃለች፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላ ላይ ታሰጣዋለች። በማግስቱ አትነካውም፤ ነጠላ ጫማ አጥልቃ ሥራ ትሄዳለች።

«ሶሉ ይጨመቃል እማማ፤ ካላረፈ ቶሎ ያልቃል።»

«እኔን ማን አሳረፈኝ?» አሉ አያቷ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

ምን ያድርጉ! አንድ ቀን ቤት ሲጠርጉ ጫማውን አንስተው እግራቸውን ቢሰዱበት ልክክ አለ። ሲጮህ የከረመው ጉልበታቸውም ጸጥ። ከዚያ ወዲህ ጫማው «ባረፈ» ቁጥር እሳቸው አጥልቀውት ዳቦ ቤት ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ይዞራሉ። ሲመለሱ ጠርገው፣ ጋዜጣውን ጠቅጥቀው፣ እንደነበረ ያስቀምጡታል።

ለክለብ ሯጭ የሚመረጥበት ቅዳሜ ሲቃረብ ልጅቷ ጫማውን ገልብጣ አየችና ደነገጠች። የግራው ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቷል።

«እኔ እኮ በጣቴ ነው የምሮጠው! ተረከዜ መሬት የት ነክቶ?»

ዓይኗ በር ሥር የተቀመጠው የአያቷ የላስቲክ ጫማ ላይ አረፈ። አነሳችና ጎን ለጎን ያዘቻቸው። የግራው ተረከዝ እዚያው ጎኑ ላይ ተበልቷል። መንትያ!

«እማማ፣ አድርገውታል?»

«ምኑን?»

«ጫማዬን ነዋ!»

«ከሩጫ ይረፍ ነው ያልሽው፤ መቼ ሮጥኩበት? ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ…» ብላ ሳትጨርስ ሳቅ አፈናት። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «ሌላ እኮ የለኝም። ቅዳሜ ቢገነጠልብኝስ?»

አሮጊቷ ምላሳቸው ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። በማግስቱ ልጅቷ ከቤት እንደወጣች ጫማውን በሻሽ ጠቅልለው ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄዱ። ከአልጋ ሥር የተጣለውን፣ አፉ የተከፈተ የዱሮ ሩጫ ጫማዋንም ደርበው ያዙ።

«የዚህን ተረከዝ ሙላልኝ። ያንን ደግሞ ስፋው።»

«ያኛው ለማን ነው እናቴ?»

«ለሯጭ።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ጥርስ የላትም፤ ሌላውን ተወው።»

ቅዳሜ ተረከዙ ችሎ ዋለ። ልጅቷ ከተመረጡት መጨረሻ ላይ ተጠራች። እየፈነጠዘች አያቷ ቆመው ወደሚያዩበት አጥር በረረችና አቀፈቻቸው፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ።

«ይሄ የኔ አሮጌ ጫማ አይደል?»

«አሮጌ ለአሮጊት ነው። ደግሞ አንቺን ለማየት በፈጣን እግር መጣሁ እንጂ እኔማ አልተመረጥኩም።»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ እግሯ ዝሎ ከአልጋ አልነሳ አላት።

«እማማ፣ እባክዎ ዳቦ ያምጡልኝ።»

አያቷ በር ላይ ተቀምጠው የአሮጌውን ጫማ ክር ፈትተው ጋዜጣ ይጠቀጥቃሉ። ቀና እንኳ ሳይሉ፦

«ራስሽ ሂጂ። ትናንት ሙሉ ቀን ቆሜበት ውያለሁ፤ ዛሬ የጫማዬ እረፍት ነው።»