የእንግሊዝ ሴት ወታደር ካፖርት

ልጄ የዓለምወርቅ ለመምህርነት ትምህርት ከነገሌ ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ጎረቤታችን ሸምሳ ከሞያሌ የልባሽ ጨርቅ ገበያ ካፖርት አመጣችላት። በዓለም ጦርነቱ ዘመን ኬንያ የነበሩ የእንግሊዝ ሴት ወታደሮች ይለብሱት የነበረ ነው፤ ወፍራም ካኪ፣ የነሐስ አዝራሮቹ ላይ ዘውድ ያለበት። የምትሳፈርበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቦሬ ያድራል። የቦሬ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ልጄ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነው።

"ልበሺውና በናጋ፣ በሰላም ግቢ" አለቻት ሸምሳ።

እኔ የታየኝ መንገድ ላይ ያለው የፍተሻ ኬላ ነበር። የወታደር ልብስ ለብሳ ስትያዝ፣ ከመኪና ስትወርድ፣ ትምህርቱ ሲያመልጣት።

የፈራሁት ነገር ግን ልጄ ኬላ ሳትደርስ በራችን ላይ መጣ። አስር አለቃ ጉግሳ ከመንገዱ ማዶ ይኖራል። "ለንብረት ክፍል አስረክበዋለሁ" እያለ ከሰው የሰበሰበው ብርድ ልብስ ሁሉ ሚስቱ አልጋ ላይ ተነጥፎ ይታያል።

"ወይዘሮ ዘርፌ፣ ይህ የሠራዊት ንብረት ነው። ያስረክቡ።"

"የእንግሊዝ ነው። ከሞያሌ እኔ ነኝ ያመጣሁት" አለች ሸምሳ።

"አንቺ ስለ ወታደር ልብስ ምን ታውቂያለሽ? አሥራ ሁለት ዓመት ለብሻለሁ። የእኛን ልብስ ሰውነቴ ያውቀዋል።"

ይህን ብሎ ካፖርቱን ከልጄ እጅ ነጥቆ ለበሰው። ሊቆልፈው ሲል የሴት ልብስ ነውና አዝራሩ በግራ በኩል ሆነበት፤ ጣቶቹ በለመዱት በቀኝ በኩል ሲዳብሱ ቆዩ። ወገቡ አልገጥም አለ። ደረቱ ላይ ለጡት የተቆረጠው ጨርቅ ባዶውን ተነፍቶ ቀረ።

"አስር አለቃ" አልኩት፣ "በእናንተ ዘንድ ጡት የሚበቅለው ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው?"

ሸምሳ ውሃ ቀድተው ለሚያልፉት ሴቶች በኦሮምኛ ደገመችላቸው። እንስራ አውርደው ሳቁ። ጉግሳ ካፖርቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና ሄደ። ሰው እንዲህ ሲያንስ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ግን መቀስ አነሣሁ። የኬላው ወታደር እንደ ጉግሳ ሞኝ ባይሆንስ? ዘውዱን አይቶ ቢጠይቅስ? አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆርጬ ሽንት ቤት ጣልኳቸው። በምትካቸው የሚሆን ትልቅ አዝራር በነገሌ ሱቅ ሁሉ ፈልጌ አጣሁ። ልጄ ካፖርቱን ሳይቆለፍ ለብሳ ተሳፈረች።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤዋ ደረሰኝ።

"እማዬ፣ ኬላ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ቦሬ ላይ ካፖርቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ሐኪሙ ደረቴን አይቶ ለአንድ ወር ተኚ ብሎኛል።"

ደብዳቤውን እንደያዝኩ ጉግሳ ቀበቶውን እያስተካከለ በማዶ አለፈ። ልስቅበት ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።