መቁጠሪያው ለፕሪዊት ሲደርስ

ምክትል ሸሪፍ ፕሪዊት ባርኔጣውን አውልቆ ሲገባ በሳሎኑ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ኡላሊ ከባሏ ሬሳ ሣጥን ራስጌ ሳትነሳ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፣ እጆቹን ነው። ንጹሕ ነበሩ። ንጽሕናቸው ራሱ አናደዳት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ማዳም ጊድሪ» አላት በእንግሊዝኛ።

«አሜን። ይቀመጡ፣ ቡና ይመጣልዎታል» አለችው እሷም በእንግሊዝኛ።

የባሏን የቫልሳንን መኪና ከድልድዩ ሥር፣ ባዩ ከምንለው ዝግተኛ ወንዝ ውስጥ ያወጣው ፕሪዊት ነው። ከማንም ቀድሞ የደረሰውም እሱ ነው። መንገዱ ደረቅ ነበር፤ ቫልሳን ደግሞ ያን ድልድይ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይሻገረው ነበር። የፖሊስ አለቃው ሸሪፍ «አደጋ ነው» አለና ነገሩን ዘጋው። ያየ የለ፣ ሟች አይናገር። ባሏ እንዴት እንደሞተ መቼም እንደማታውቅ ልቧ ነግሯታል።

ፕሪዊት ቡናውን ፉት ብሎ ጠጋ አላት። «ስለ ሥራው ቤት ውስጥ ያወራዎት ነበር? ስለ ሰኞው ጉዳይ ለምሳሌ? ማንን ሊያስመሰክር እንዳሰበ?»

«ባሌ ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ ሆዱ ብቻ ነበር።»

ፈገግ አለ፤ ግን ከአጠገቧ አልተነሳም።

ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል። ቫልሳን ዜኖን ለሚባለው ጥቁር ልጅ ጥብቅና ከቆመ ወዲህ ሰላምታ የነፈጉት፣ ጉዳያቸውን ወደ ሌላ ጠበቃ የወሰዱት፣ ሁሉም ጋምቦውን፣ ያን ወፍራም ሾርባችንን፣ በድስት በድስት ተሸክመው መጥተዋል። ኡላሊ የእያንዳንዱን እንባ ተጠራጠረች። አልቅሰው ሲያበቁ ከኋላዋ የሚያወሩትም ይሰማታል።

«ምን የመሰለ ሰው! ለነዚያ ጥቁሮች ብሎ ራሱን ለጥፋት ዳረገ።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ዜኖን የሩዝ ወፍጮውን ኃላፊ ገድሏል ተብሎ በኤሌክትሪክ ወንበር እንዲሞት ተፈርዶበታል። ማስረጃው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የእምነት ቃሉ ነው። ዜኖን ግን እንደ እናቱ፣ እንደኛም አያቶች፣ ከፈረንሳይኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም። ፕሪዊት ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ የኛን ልጅ አግብቶ ካቶሊክ ሆኗል። ችሎት ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጦ፣ «ፈረንሳይኛ ከሚስቴ ተምሬያለሁ፤ ቃሉን በፈረንሳይኛ አንብቤለት አምኖ ፈረመ» ብሎ ማለ። ቫልሳን ብድግ አለና «እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራ!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ጠረጴዛውን መታ፤ «በዚህ ችሎት የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።»

ፍርድ ለመስጠት የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ነጮች ቤታቸው ሲገቡ ከሚስቶቻቸው ጋር የሚጣሉት በፈረንሳይኛ ነው። የፕሪዊት አፍ ፈረንሳይኛ እንደማያወጣም ያውቃሉ። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አቀርቅረው «ጥፋተኛ» አሉ። ከነሱ አንዱ የኡላሊ ታላቅ ወንድም ቴሌስፎር ነበር። አሁን በሩ ሥር ተቀምጦ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

ቫልሳን መልአክ አልነበረም። ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፣ ሲሸነፍ ጠረጴዛ ይገለብጣል። ከዚያ ችሎት ሲመለስ ግን ራቱን እንኳ አልቀመሰም።

«ልጅ ሳለሁ መምህሯ በቆሎ ፍሬ ላይ ያንበረከከችኝ ለምን እንደነበር ነግሬሻለሁ?» አላት። «ሽንቴ መጥቶ ነው። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቅሁ በፈረንሳይኛ ለመንኳት፤ እሱ ደግሞ ክልክል ነው። እስክትቀጣኝ ሱሪዬ ላይ ለቀቅሁት። ኡላሊ፣ እኔን ሱሪዬን ነው ያስከፈለችኝ። ይሄን ልጅ ነፍሱን ሊያስከፍሉት ነው።»

«ተወው፣ ቫልሳን። ደንበኛ እኮ አልቀረልንም።»

«አንድ አለኝ» አለ።

የፊታችን ሰኞ የይግባኙ ቀን ነው። ጉዳዩን ተረክቦ ከኒው ኦርሊንስ የሚመጣው የቫልሳን ባልደረባ ጠበቃ ለኡላሊ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል፤ ፕሪዊት ፈረንሳይኛ እንደማይችል ምሎ የሚመሰክር አንድ ነጭ ካልተገኘ ልጁ አለቀለት።

ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። የዜኖን እናት ፊሎኒዝ በጓሮ በር ገብታ እምድጃው አጠገብ ቆማለች። በኛ አገር ጥቁር ሰው ለቅሶ ሲደርስም በጓሮ ነው የሚገባው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

«እማማ ፊሎኒዝ፣ ወደ ሳሎን ይግቡ።»

«ተይኝ፣ ልጄ። ዛሬ እዚያ ብቀመጥ ነገ ቤቴ ይቃጠላል። ከዚህም ሆኜ እጸልይለታለሁ።»

ኡላሊ ስትመለስ ሁሉም ተንበርክኳል። በደንባችን አንዱ የማርያምን ሰላምታ ይጀምራል፣ ቤቱ በሙሉ ተቀብሎ ይጨርሰዋል። መቁጠሪያውን ለሚመራው ሰው የምትሰጠው ባለ ሐዘኗ ናት፤ ለሟች ምራ ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ኡላሊ መቁጠሪያውን ያዘችና ቄሱን አለፈች፣ ወንድሟንም አለፈች፣ ፕሪዊት ፊት ቆመች።

«ለባሌ ይምሩለት።»

ፊቱ ቀላ። «በእንግሊዝኛ ልበለው?»

«ባሌ በእንግሊዝኛ አይጸለይለትም። ደግሞ ፈረንሳይኛ እንደሚያውቁ ምለው የለ?»

ፕሪዊት መቁጠሪያውን ተቀበለ። ሁለት ቃል አለ፤ ሦስተኛውን ፈለገው፣ አጣው። ሚስቱ ካጠገቡ ልታቀብለው ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ኡላሊ አየቻትና ልጅቷ አፏን ዘጋች። እንደገና ሁለት ቃል አለ። ማንም ቀና አላለም።

ያኔ ከማድ ቤት አንድ ያረጀ ድምፅ፣ በኛው ፈረንሳይኛ፣ «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ጌታ ካንቺ ጋር ነው» አለ። ቤቱም ከእናት ጡት ጋር የጠባው ጸሎት ነውና ማን እንደመራው ሳያስብ በአንድ አፍ ተቀበለ፤ «ቅድስት ማርያም፣ የአምላክ እናት፣ ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች ለምኚልን...» እስከ አሜን ደረሱ። ማንን እንደተከተሉ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንዷ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ፕሪዊት ተነስቶ መቁጠሪያውን ወንበር ላይ ጣለው።

«አስበውበት ነው ያደረጉት።»

«ጸሎት እኮ ነው፣ ሙሲዩ ፕሪዊት።»

ባርኔጣውን ደፋ፤ ሚስቱን በክንዷ እየጎተተ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ያ ድልድይ ክፉ ነው፣ ማዳም። ሲያልፉበት ይጠንቀቁ።»

ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ወደ ግቢው ወጣ። ቴሌስፎር ቀረ።

«በሬሳ ፊት እንዲህ ይደረጋል?» አላት።

«የት ላድርገው? ችሎቱ ውስጥ ፈረንሳይኛ ክልክል ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ያስገድሉሻል።»

«ያለውን ሰምተሃል። ሰኞ ትናገራለህ?»

«አራት ልጆች አሉኝ፣ ኡላሊ።»

«እሷ አንድ ነው ያላት።»

ቴሌስፎር ወደ ማድ ቤቱ በር አየ፤ ከዚያ ወደ ሣጥኑ። «ያኔም አውቅ ነበር» አለ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንዱ ቀና ቢል ብዬ ጠበቅሁ። ሌሎቹም እኔን ሳይጠብቁ አልቀሩም።»

«ስለ ሰኞ ነው የምጠይቅህ። ትናገራለህ ወይ?»

«እናገራለሁ» አለና ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ኡላሊ አላባበለችውም። ይቅር አላለችውም ገና።

ፊሎኒዝን ሄዳ በእጇ ይዛ አመጣቻት። አሮጊቷ በዚህ ጊዜ እምቢ አላለችም። ሣጥኑ ዘንድ ቆማ ብዙ አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ማነው እንዲህ ልሶ ያበጠረው? እስር ቤት ልጄን ሊያይ ሲመጣ ጸጉሩ ከግንባሩ ላይ አይጠፋም ነበር። ዳኛ አስመሰሉት እኮ!»

ኡላሊ ጎንበስ ብላ ባሏን አየችው። ሬሳው ከገባ ጀምሮ የሚገባ የሚወጣውን ስትጠብቅ እሱን አላየችውም ነበር። እውነትም በቅባት ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ የማታውቀው ሰው ሆኖ ተኝቷል። ናፈቃት። ጣቶቿን ጸጉሩ ውስጥ ከታ አመሰቃቀለችው፣ ግንባሩም ላይ መለሰችለት።