በአንድ ሩብል የተሸጠው ፋብሪካ

አብዱልአዚዝ የመኪናዋ ኮፈን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሽቦዎቹን አየ፤ ባትሪውን ነካካ፤ ቀና ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገ። እጁ ላይ የሚጠረግ ቅባት አልነበረም።

"አላውቀውም" አለ።

የጋራዡ ባለቤት ይርጉ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሀዲጃ ግን አልሳቀችም። ከጋራዡ ጎን ካለው የመለዋወጫ ሱቋ በር ላይ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ የጠረጠረችው ነገር ዓይኗ ፊት ሲረጋገጥ እያየች ነበር። ጧት ይርጉን ጠርታ "አንዷን መኪና አበላሽልኝ፤ ሕፃን ልጅ የሚያገኘው ብልሽት ይሁን" ያለችው እሷው ናት። ይርጉም ሞተር የሚያስነሳውን የሞተሪኖ ገመድ ፈታ አድርጎ ተዋት። መኪና ፋብሪካ ለዓመታት ሠርቻለሁ የሚል ሰው ይህችን ካላገኘ ሌላ ምን ሊያገኝ ነው?

ፈተናው ለጨዋታ አልነበረም። በማግስቱ ከአሱር ሰላት በኋላ የአብዱልአዚዝ ሽማግሌዎች አንድ ልጇን ሶፍያን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሶፍያ ወዳዋለች። ሀዲጃም ብትሆን ልጁን አልጠላችውም፤ ትሑት ነው፣ ይሰግዳል፣ ኮንጋ ባለው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሠራል። ግን ይህ ልጅ ሩሲያ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው የሌላ አገር ሰዎች ባቋቋሙት ፋብሪካ መኪና ሲገጣጥም ኖሮ፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዞ ዲላ ተመለሰ። ከመጣ ዓመት አልፎት አልጋ እንኳ አልገዛም፤ በተከራያት ክፍል ፍራሹን መሬት ላይ አንጥፎ ነው የሚተኛው። በዚያ ላይ በበዓል በበዓል ስልክ ይደወልለትና ከሰው ራቅ ብሎ በሩሲያኛ ያወራል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሀዲጃ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳትመነጠር የነገደችው ጠርጥራ ነው።

"መኪና እሠራ ነበር አላልከኝም?" አለችው።

"እሠራ ነበር፣ እትዬ።"

"ታዲያ?"

"እኔ የምገጥመው በር ነው። የግራውን የኋላ በር።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። አንዱ መኪና ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፤ እሱም ላይ በር እገጥማለሁ።"

ይርጉ መደበቁን ተወው። "ሞተሩንስ ማነው የሚያስገባው?"

"እሱ ሌላ አዳራሽ ነው። ሄጄ አላየሁትም።"

ይርጉ ገመዷን አጥብቆ መኪናዋን ሲያስነሳት መንገድ ዳር የቆሙት የባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ዲላ ውስጥ መኪና የሚሠራ ሰው ማለት እንደ ይርጉ ያለ ነው፤ ከካንዴላ እስከ ፍሪሲዮን ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ያልፋል። ዕድሜውን በአንድ በር የጨረሰ ሰው አይተውም ሰምተውም አያውቁ። አብዱልአዚዝ ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ሀዲጃ አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን ጥርጣሬዋን አልቀነሰላትም።

"ከሰዓት ቤት ና" አለችው። "ነስሩም ይኖራል።"

ነስሩ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ አባት ለሌላት ሶፍያ ወልይ ሆኖ የሚድራት እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ አብዱልአዚዝ ጫማውን አውልቆ ገና ቁጭ ከማለቱ ነስሩ ጀመረው።

"እስቲ ልጄ፣ ሰርቀህ ተባረህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረን። ከሰው ከምንሰማው ካንተው ይሻላል።"

"ፋብሪካው ቆሞ ነው፣ ጋሽ ነስሩ። ሩሲያ ጦርነት ስትገባ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ቀረ። በሩ ቢኖር መስታወቱ የለም። ቤታችሁ ተቀመጡ ተባልን፤ ደሞዝም ተቀንሶ ይሰጠን ነበር።"

"ሳትሠሩ?"

"ሳንሠራ።"

ነስሩ ሀዲጃን በዓይኑ ጠቀስ አደረጋት።

"ከዚያ ባለቤቶቹ ፋብሪካውን ለዚያው አገር ሰዎች ሸጠው ወጡ" አለ አብዱልአዚዝ።

"በስንት?"

ልጁ አመነታ። እውነት የሚናገር ሰው ለምን ያመነታል አለች ሀዲጃ በልቧ።

"በአንድ ሩብል።"

"አንድ ሩብል ምን ይገዛል?"

"ሻይም አይገዛ።"

ነስሩ እስኪያስለው ሳቀ። "ሰማሽ ሀዲጃ? ዲላ ገበያ አንድ ሙዝ በዚህ ዋጋ ስጡኝ ብትይ ይሰድቡሻል። እሱ ፋብሪካ ከነጣራው ሸጦልን አረፈ።"

"ለስሙ ነው፣ ጋሼ። የድሮዎቹ ባለቤቶች ከፈለጉ በስድስት ዓመት ውስጥ መልሰው መግዛት ይችላሉ፤ ውላቸው እንደዚያ ነው።"

"ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ብሎ ነስሩ ተነሳ። "ለኔ በቅቶኛል። ሽማግሌዎቹን አትልፉ ብዬ ልደውልላቸው።"

"ትንሽ ታገሠኝ" አለችው ሀዲጃ። ነስሩ ስልኩን እንደያዘ በረንዳ ላይ ወጥቶ ቆመ።

ለምን ታገሠኝ እንዳለችው እሷም ወዲያው አልገባትም። ጧት የበሩን ነገር አላምንም ያለችው ሴት አሁን የሩብሉን አምና ቁጭ ብላለች።

ዲላ ከመምጣቷ በፊት ወናጎ ከተማ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የራሷ ሱቅ ነበራት። መንገዱ ተዘግቶ ሰው ልጁን አዝሎ በሚሸሽበት በዚያ የግርግር ዓመት ሶፍያን ይዛ ወደ ዲላ ስትወጣ፣ ሱቁን ከጎኑ ምግብ ቤት ላላት ለድንቅነሽ ሸጠችላት። በሰው ፊት ለወጉ መቶ ብር ተቀበለች፤ በጎን ደግሞ "ስመለስ ትመልሺልኛለሽ" ተባባሉ። ያኔ ዲላ ውስጥ ያልተባለ የለም። ዕዳ ኖሮባት ነው ተባለ፤ የሌባ ዕቃ ስትሸጥ ተይዛ ነው ተባለ። ጥሎ የሚወጣ ሰው መመለሻውን እንጂ ዋጋውን እንደማያስብ ለማን ታስረዳ።

መንገዱ ከተከፈተ ቆየ። ድንቅነሽ ግን ዛሬም የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ናት፤ መሐል ያለውን ግድግዳ አፍርሳ ምግብ ቤቷን ልታሰፋ በየጊዜው ትለምናለች፤ ሀዲጃም "እስቲ እናያለን" እያለች ታቆያታለች። ሀዲጃ ራሷስ? ይህን የተከራየችውን ቤት አንድ ቀን ቀለም ቀብታው አታውቅም። ጎረቤት ዕድር ግቢ ሲላት "መቼ ልቆይ ብዬ" ትላለች። እንዲህ ስትል ሶፍያ አድጋ ለባል ደረሰች።

ቀና ብላ አብዱልአዚዝን አየችው። መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሹ ትዝ አላት፤ ከጧቱ የባሰ ጥርጣሬ ሆዷ ገባ።

"ባለቤቶቹስ መመለሻ አስቀርተው ወጡ" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንተ ምን አስቀርተህ መጣህ?"

"ምን ማለትዎ ነው፣ እትዬ?"

"ሚስት አለችህ?"

"ወላሂ የለችኝም።"

"ልጅስ?"

"የለኝም።"

"በበዓል የሚደውልልህ ማነው ታዲያ?"

አብዱልአዚዝ ምንጣፉን አየ። "የድሮ አለቃዬ ነው። ባለቤቶቹ ከተመለሱ መጀመሪያ የምንጠራው የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ነን ብሎኛል። እኔም እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። በደወለ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ ገና ነው ይለኛል።"

"ቢጠራህ ትሄዳለህ?"

"እሄዳለሁ" አለ። ወዲያው ደግሞ፣ "እዚያ የማውቀው አንድ በር ነው፤ ግን በዚያች በር ማንም ስቆብኝ አያውቅም።"

ሀዲጃ የጧቱ ሥራዋ አሳፈራት። ቢሆንም ልጇ ናትና አልተወችውም። "ሶፍያ ይህን ታውቃለች?"

"አልነገርኳትም። ትታኝ እንዳትሄድ ፈርቼ።"

ተናደደች። ልጇን አግብቶ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ አልጋ ሳይገዛ ሊያኖራት ነው። ነስሩን ደውል ብትለው ነገሩ እዚሁ ያልቃል። አፏንም ከፍታ ነበር፤ ግን ልጅቷን በዚህ ዓይነት ቤት መጀመሪያ ያሳደገቻት ማን እንደሆነ ስታስበው ቃሉ አልወጣ አላት። ስልኳን አነሳችና ወናጎ ደወለች።

"ድንቅነሽ፣ ያን ግድግዳ አፍርሺው።"

"ምን ሆንሽ ሀዲጃ? አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ሱቁ ያንቺ ነው፤ እንደፈለግሽ አድርጊው።"

"ነገ ብትመለሺስ?"

"አልመለስም" አለች ሀዲጃ። እስከዚያ ቀን ለማንም ያላለችው ቃል ነው። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና ስልኩን ዘጋች። አብዱልአዚዝ ምን እንደሆነች ሳይገባው ያያታል፤ እሷም አላስረዳችውም።

"እና ልደውልላቸው?" አለ ነስሩ በበሩ ብቅ ብሎ።

"እኔን አትጠይቀኝ፤ አብራው የምትኖረው እሷ ናት" አለችውና ወደ ጓዳው ዞረች። "ሶፍያ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በይ። አብዱልአዚዝ የሚነግርሽ ነገር አለው።"