ነፋስ የሚያልፍበት ፎቅ

በዚያ ዓመት አውሎ ነፋስ ሦስት ጊዜ መጣ። ድሮ በአሥር ዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው። በመጀመሪያው ጣራ ሄደ፤ በሁለተኛው ዛፍ ወደቀ፤ በሦስተኛው ሰው ሞተ። ሬዲዮ አራተኛው ከሰዓት በኋላ እንደሚደርስ ሲናገር፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መዶሻና ጉጠት ይዞ ደረጃውን እየወጣ ነበር።

ሕንፃው ሃያ አራት ፎቅ ነው። አሥራ ሁለተኛው ግን ግድግዳ አልነበረውም፤ ነፋሱ በመካከሉ እንዲያልፍ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነው። አሁን ዙሪያው በጣውላ ተዘግቶ የአናጺ ወርክሾፕ ሆኗል። የዘጋው አናጺው ነው፤ አይቶ እንዳላየ ያለፈው ደግሞ ተቆጣጣሪው ራሱ።

ሁለቱም ይህን ሕንፃ ሲሠሩ ብረት አሳሪዎች ነበሩ። ተቆጣጣሪው ከመወጣጫው ሲንሸራተት የዛሬው አናጺ ክንዱን አፈፍ አድርጎ አስቀረው። የዚያን ቀን የራሱ ትከሻ ወለቀ፤ ብረት መሸከም ቀረና አናጺ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ቦታ ሲለምን እንቢ አይባልም።

«ያዘዝከው ወንበር ገና ነው፤ አታጣድፈኝ» አለ አናጺው ቀና ሳይል።

«ለወንበር አልመጣሁም። ጣውላውን ልነቅል ነው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም። ባለፈው ሃያኛው ፎቅ ላይ መስኮት ረግፎ አንዲት አራስን ለጥቂት ሳታት።»

«ሕንፃ ይወዛወዛል እንጂ አይወድቅም ስትል አልነበር?»

«መወዛወዙንማ ይወዛወዝ፣ ለዚያ ነው የተሠራው። መንገዱን ዘግተንበት ነፋሱ ለምን ገፋን ብንል ማን ይሰማናል?»

«እኔስ የት ልግባ?» አለ አናጺው። ስለ ትከሻው አንድም ቀን አንስቶበት አያውቅም። ዛሬም አላነሳም፤ ብቻ አሸት አሸት አደረገው።

ተቆጣጣሪው ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ሚስማር ነቀለ።

«አንተ ሰው፣ ጣውላዬን ፈጀኸው!» አናጺው ጉጠቱን ነጠቀው። «ብረት የለመደ እጅ ለእንጨት አያዝንም። ዞር በል!»

አብረው ነቀሉ። የመጨረሻው ጣውላ ሲወርድ ነፋሱ ገብቶ ብናኙን ጠራርጎ በወዲያኛው በኩል ወጣ።

«እፎይ አለ» አለ አናጺው ምሰሶውን መታ መታ አድርጎ።

ዕቃውን ይዘው ምድር ቤት፣ ተቆጣጣሪው ቤት ወረዱ። ያለው አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ ነው። ተቆጣጣሪው አልጋውን ወደ ጓዳው ይጎትት ጀመር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሰፊው ያንተ ነው። እዚህ ሥራ።»

«ስመታ ስቆርጥ ውዬ እንቅልፍ ልነሳህ?»

«ያንተን ኩርፊያ የቻልኩ ሰው መጋዝ ያቅተኛል?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለብኝ ዕዳ ነው። ልክፈል።»

አናጺው የአልጋውን ሌላ ጫፍ ያዘ።

«በል ግፋ» አለ፤ «ተከፍሏል።»