ጉምሩክ የያዘችው ጥቅል

በሆስፒታሉ የእቃ ማምከኛ ክፍል የምትሠራዋን ሴት፣ ብሩሽ ከእጇ ስለማይለይ ሁሉም «እትዬ ብሩሽ» ይሏታል። ከኦፕራሲዮን ክፍሏ ነርስ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። የነርሷ ቅጽል ስም «ጉምሩክ» ነው፤ ሳትበረብር የምታሳልፈው ነገር የላትማ! መቀስ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጠብጣብ ካየች ጥቅሉን እንዳለ ትመልሰዋለች። «ይቺ ሴትዮ ዕድሜዬን ልታሳጥረው ነው» ትላለች እትዬ ብሩሽ በየቀኑ።

የዚያን ቀን ጠዋት የታጠቡትን መቆንጠጫዎች ስትጠቀልል የታናሽ እህቷ ባል በመስኮቱ ብቅ አለ። «ምጡ አልሄድ ብሏል፤ በኦፕራሲዮን ትውለድ ተብሏል» አላት። መቆንጠጫዎቹን እየተቻኮለች ሰበሰበቻቸው። በጥድፊያ ጠቅልላ ጥቅሉን የእንፋሎት ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ሲወጣ ማሸጊያው ላይ ያለው መስመር ጠቁሯል፤ እንፋሎቱ አግኝቶታል ማለት ነው። እሰይ! ጥቅሉ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሄደ።

ቀጣዩን ስትጀምር ነው ጉድ የፈላው። እጇ እንደ ልማዱ መቆንጠጫውን ከፈት ሲያደርግ ክው አለች። መቆንጠጫ ተከፍቶ ነው የሚጠቀለለው፤ ከተዘጋ በጥርሶቹ መሃል እንፋሎት አይገባም፣ ጀርሙ እዚያው ይቀመጣል። የቅድሞቹን ደግሞ ሁሉንም ዘግታቸዋለች። ውጭ ያለው ጥቁር መስመር ስለ ውስጡ ምን ያውቃል?

«ወይኔ እህቴን! በገዛ እጄ!»

ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጠችው። በውጭ ጫማ የማይታለፈው ቀይ መስመር ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ተገተረ። እህቷ ውስጥ ተኝታ እንኳ ያን መስመር መርገጥ አልቻለችም። እዚያው ቆማ ጮኸች።

«ጥቅሉን እንዳትነኩት! ዘግቼ ነው የጠቀለልኩት! ኧረ በፈጠራችሁ!»

የክፍሉ ረዳት በበሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ምን ሆነሻል እትዬ? ሰው እያዋለድን እኮ ነው!»

«ጥቅሉ...»

«እሱን? ጉምሩክ ገና ስትከፍተው ይዛዋለች። ‹ተዘግቷል› ብላ፣ ሥራው ሳይጀመር የጠረጴዛውን እቃ በሙሉ አስቀየረችን። በሌላ ጥቅል ነው የምንሠራው።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እፎይ! «ተባረኪ! አንቺ ሴትዮ፣ ዘርሽ ይባረክ!» እያለች የተዘጋውን በር ትመርቀው ጀመር። ምርቃቱ ሳያልቅ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

ቆየት ብሎ ጉምሩክ ራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። «እህትሽ ደህና ናት» አለችና ሕፃኗን ዘረጋችላት። «በይ ያዣት፣ አክስት!»

እትዬ ብሩሽ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። «በዚህ እጄ? አይሆንም!» ብላ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። እስከ ክርኗ ሳሙና ተለቀለቀች፤ በየጥፍሯ ሥር ፈተገች። እንባዋ እየወረደ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች።

«ኧረ ፍጠኚ፣ እጄ ዛለ!» አለች ጉምሩክ።

«አልፈጥንም!» አለች እትዬ ብሩሽ ቧንቧውን ጨመር አድርጋ። «አንዴ ፈጥኜ አይቼዋለሁ።»