ሽቶው እስኪደርቅ

«ለቅሶ ቤት ሽቶ ይሸታል እንዴ?» አለ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ እሸቴ፣ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ሊያስተዛዝን መጣ ይባል እንጂ፣ ከተቀመጠ ጀምሮ ዓይኑ ከጓዳው በር አልተነቀለም። ያልፈተሸው ለቅሶ ስለሆነ ብቻ ነው።

የሺዓለም ክው አለች። ባሏ ፈቀደ ቤቱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈተሽ ልቡ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እንኳን ሽቶ፣ ሐዘንተኛ ፀጉሯን ቅቤም አታስነካም። ጓዳ ውስጥ ግን፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ፣ ከስድስት ኪሎ ተማሪዎች ጋር የምትታደነው ልጇ ዓለምጸሃይ ተሸሽጋለች። አባቷን እንኳ ጮኻ አላለቀሰችም። ምን ነክቷት ነው ዛሬ የምትቀባው? ናፍቆት ነዋ! ፈቀደ ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ሽቶ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው።

«ይቺን ሽታ አውቃታለሁ» አለ እሸቴ። «የልጅዎ ናት።»

«የኔ ናት!» አለች የሺዓለም፤ ከአፏ አመለጣት።

«የርስዎ? እስቲ ያሳዩኝ።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። እሸቴ ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ኮመዲኖው ላይ ሁለት ብልቃጥ አለ፤ ወረቀት ያልተለጠፈባቸው፣ ሁለቱም የተጋመሱ።

ፈቀደ ለፋሲካ ነበር ያመጣቸው። «ምረጡ» አላቸው እሷንና ልጇን። ሁለቱም ፓቹሊ የሚሉት ቅጠል ያለባቸው፣ እንጨት እንጨትም አበባ አበባም የሚሉ ናቸው።

«አንድ ናቸው እኮ!» ብላ የሺዓለም ሳቀችበት።

«እጅሽ ላይ ይድረቅ። አበባ ሆና የምትቀረው የዓለምጸሃይ ናት፤ እንጨት ሆና የምትቀረው ያንቺ። ሰው ግን መች እስኪደርቅ ይጠብቃል!»

አሁን ማንን ትጠይቅ? ብትሳሳት ልጇ አለቀላት። አንዷን አነሳችና እፍኟ ላይ ገለበጠች፤ አንገቷን፣ የእጇን አንጓ፣ ጥቁር ቀሚሷን አራሰች። ጓዳው ታፈነ። እጇን ዘረጋችለት።

እሸቴ አሸተተ። «እሷው ናት» አለ፤ ፊቱን አጨማደደ። «የባልሽ አፈር ሳይደርቅ? ምን ዓይነት ሴት ነሽ!»

ወጣ። በቀብሩ ዕለት ደግፋ የያዘቻት እትዬ ጥሩነሽ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ለካ አልቃሾቹ እኛ ብቻ ነበርን!» አለች። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶችም ተከትለዋት ወጡ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ሽቶው ደርቋል። እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

እንጨት ነው። የራሷ!

እሸቴ እስኪደርቅ ቢጠብቅ ኖሮ የልጇ እንዳልሆነች ያውቅ ነበር። ተመልሶ ቢመጣስ? ልትታጠብ ተነሳች፤ እንስራው ጋ ደርሳ ቆመች። «ልክ ነበርክ» አለች ለፈቀደ። ከዚያ እጇን ሳታጥብ፣ ሽታው እንዳይለቃት የቀሚሷን እጅጌ ስባ አንጓዋን ሸፈነችው።